በልግ ያሳደራቸው እንግዶች

(ለተማሪዎችና ለከተማ ነዋሪዎች በኮምቦልቻ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

አዘጋጆቹ ስለ ወፎች ፍልሰት እንድናገር ሲጋብዙኝ ስለ የትኛው ወፍ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ደስ ያለህን ምረጥ» አሉኝ፤ ሳላመነታ ሽመላን መረጥሁ። እኔ የሰብል ባለሙያ እንጂ የወፍ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ የካቲት፣ ከዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የጨፋ ረግረግ፣ በሽመላ መንጋ አጠገብ ቆሜ አርፍጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ እነርሱ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም። ያን ዕለት አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር የተመለስሁት፦ ያን ያህል ስንቀርባቸው ለምን አልበረሩም?

የሄድነው ለቦይ ጉዳይ ነበር። ከቦርከና የተጠለፈ የመስኖ ቦይ በደለል ተደፍኖ ውኃው ማሳ ላይ ይተኛል የሚል አቤቱታ ደርሶን፣ እርሱን ለማየት ማልደን ወጣን። ሌሊቱን በልጉ ሲያካፋ አድሯል፤ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም። መንገድ የሚያሳዩኝ የአካባቢው ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው በጭቃው ውስጥ ከፊት ከፊቴ ይሄዳሉ። ከቦዩ ማዶ ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ነጫጭ ነገር ተበትኖ አየሁ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ መሰለኝ። «ይህን ሁሉ ጆንያ ማን ጣለው?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ አንደኛው ጆንያ አንገቱን ቀና አደረገ።

ከዚያ ሌላው ቀና አለ፤ ከዚያም ሌላው። ጉሙ እየሳሳ ሲሄድ ሜዳው ሙሉ ሽመላ ነበር። ለመቁጠር ሞክሬ መቶዎቹ ላይ ስደርስ ተምታታብኝና ተውሁት። ቅርቡ ያለው ከእኛ ከአሥር ሜትር አይርቅም። ቀይ መንቆሩ፣ የክንፉ ጥቁር ጫፍ፣ ከጀርባው የሚንጠባጠበው ውኃ ሁሉ ይታየኛል። አንድ እርምጃ ስንጠጋ እርሱም አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ስንቆም ይቆማል። የሚበር ግን የለም።

«አባባ፣ እነዚህ መቼ መጡ?» አልኋቸው ሽማግሌውን።

«ትናንት ወደ ማታ ነው የወረዱት። ፀሐይ ካልወጣ አይሄዱም፤ አትቸኩል ልጄ፣ ቆመህ እያቸው» አሉኝ።

እኔም ቆምሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታቸው ነው። ያን ያህል ትልቅ ወፍ፣ ያን ያህል በዝቶ፣ አንድም ድምፅ አያሰማም፤ የሚሰማው እግራቸው ከጭቃው ሲነቀል ብቻ ነው። በኋላ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁ፤ ያደገ ሽመላ ድምፅ አልባ ነው ለማለት ይቻላል። ጎጆው ላይ ሲሆን መንቆሩን እያንቋቋ ከተጓዳኙ ጋር ይነጋገራል እንጂ አይዘምርም። «ወፍ እንደ አገሯ ትጮኃለች» ይባላል፤ ሽመላ ግን ሁለት አገር ስላላት የትኛውን እንደምትመርጥ ጨንቋት ይሆናል ዝም ያለችው።

ሁለተኛው እግራቸው ነው። መጻሕፍት ሁሉ «ቀይ እግር» ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ብዙው እግር ኖራ የተቀባ ይመስል ነጣ ያለ ነበር። ሽመላ ሙቀት ሲበዛባት ፈሳሽ ኩሷን በገዛ እግሯ ላይ ትለቃለች፤ ፈሳሹ ሲተንን እግሯን፣ በእግሯ ውስጥ የሚዘዋወረውንም ደም ያቀዘቅዘዋል። ሳቃችሁን አያለሁ፤ ነገር ግን ይህን እግር አትርሱት፤ መጨረሻ ላይ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ሽመላ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ አራት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ወፍ ናት፤ ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥታ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የምትሄደው ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን መንገድ ክንፏን እያርገበገበች ልጨርስ ብትል ስቡም ጡንቻውም አይበቃትም። ስለዚህ የምትጓዘው በራሷ ጉልበት ሳይሆን በመሬት ሙቀት ነው።

ፀሐይ ስትወጣ መሬት ሁሉ እኩል አይሞቅም። የታረሰ ማሳ፣ ድንጋያማ ኮረብታ፣ የከተማ ቆርቆሮ ከረግረግና ከጫካ ቀድመው ይግላሉ። በላያቸው ያለው አየር ሞቆ ሲቀል ሽቅብ ይነሣል። ሽመላዋ በዚህ በሚነሣው አየር ውስጥ ትገባና ክንፏን ዘርግታ ትዞራለች፤ እየዞረች ከፍ ትላለች። አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ከወጣች በኋላ መንቆሯን ወደምትሄድበት አቅጣጫ አዙራ ቁልቁል ትንሸራተታለች። ከፍታዋ ሲያልቅ ሌላ ሽቅብ የሚነሣ አየር ትፈልጋለች፤ እንደገና ትዞራለች፣ እንደገና ትንሸራተታለች። ለዚህም ነው በመንጋ መሄዱ የሚጠቅማት። በዓይን የማይታየውን አየር የሚያሳያት ከፊት ያለችው ሽመላ ከፍ ማለቷ ነው።

እንዲህ የምትጓዝ ወፍ ማለዳ አትነሣም፤ መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ማታ አትበርም፤ ሙቀቱ አልቋል። ዝናብና ደመና ከዋለ እስኪያልፍ ድረስ ባለችበት ትቆያለች። ጨፋ ላይ የቆሙት ለምደውን ወይም ደፍረውን አልነበረም። በልጉ መንገዳቸውን ዘግቶባቸው ነበር። መብረር አያቅታቸውም፤ ውሻ ቢያባርራቸው ኖሮ ይበሩ ነበር። ነገር ግን ያለ ሙቅ አየር መብረር ስንቅ መጨረስ ነው፤ እኛም ለዚያ ወጪ የምንበቃ አስፈሪዎች አልነበርንም።

አምስት ሰዓት ሲቃረብ ደመናው ተሰነጠቀ። ፀሐይዋ መጀመሪያ ያረፈችው ከሜዳው ምሥራቅ ባለው የታረሰ ማሳ ላይ ነው። ጥቂት ሽመላዎች ሮጥ ሮጥ ብለው ተነሡ፤ ክንፋቸውን በኃይል እየመቱ ትንሽ ዞሩና ተመልሰው አረፉ። አየሩ አልደረሰም። ቀጥሎ አንድ ጭልፊት ከዚያው ማሳ በላይ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ሲዞር ታየ። መንጋው ያን ሳያይ አልቀረም፤ ከዳር ያሉት ተነሡ፣ የመካከሎቹ ተከተሉ፣ ሜዳው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ሆነ። ከላያችን ሲያልፉ የክንፋቸው ንፋስ ፊቴን መታኝ። ጭልፊቱ ወደሚዞርበት ሲደርሱ ክንፍ መምታታቸውን አቆሙ፤ መንጋው በሙሉ አንድ ላይ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ወጣ። ከፍ ካሉ በኋላ ወደ ሰሜን መስመር ሠርተው ሲንሸራተቱ አየናቸው። ሽማግሌው ጫማቸውን አጠለቁና «በል፣ ወደ ቦያችን» አሉኝ።

ወዴት ሄዱ? የካቲትና መጋቢት ወደ አውሮፓ የመመለሻ ጊዜያቸው ነው። መሬት ካልሞቀ አየር አይነሣም ብለናል፤ ባሕር ላይ ደግሞ ለሽመላ የሚበቃ ሽቅብ አየር የለም። ስለዚህ ሽመላ ሜዲትራኒያንን በቀጥታ አታቋርጥም፤ ትዞረዋለች። የምዕራብ አውሮፓዎቹ በጅብራልታር፣ የምሥራቅ አውሮፓዎቹ በኢስታንቡል በኩል። የምሥራቁ መንገድ ወደ እኛ ሲመጡ ከቱርክ ወደ ሶርያና ሊባኖስ፣ ከዚያ ወደ እስራኤልና ዮርዳኖስ፣ ከዚያ በሲና በኩል ወደ ግብፅ ይወርድና የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ሱዳን ይገባል። ዋናው ጅረት በሱዳን ቢያልፍም ወደ እኛ ምዕራባዊ ቆላና ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚገባው ጥቂት አይደለም። በእስራኤል ሰማይ ብቻ በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሽመላ ያልፋል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ በመጋቢት ደውሉና ቀና ብለው እንዲያዩ ንገሯቸው፤ ከእኛ ሜዳ የተነሡት መሆናቸውን ማን ያውቃል?

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ላይ ሽመላ በሰማይ ጊዜዋን እንደምታውቅ የጻፈውም በዚሁ መንገድ ሥር ይኖር ስለነበር ይመስለኛል። በየዓመቱ ሲያልፉ ያያቸዋል፤ መሄዳቸውንም መመለሳቸውንም ያውቃል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ታላቁ አርስቶትል ግን ሽመላ ክረምቱን ተደብቃ ታሳልፋለች ብሎ ጻፈ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ወፎቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት ጨረቃ ላይ ነው ብሎ ተከራከረ። አትሳቁበት፤ ቢያንስ ሩቅ እንደሚሄዱ ገብቶት ነበር።

ክርክሩን የቆረጠው መጽሐፍ ሳይሆን ጦር ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን ክሉትስ በተባለ ስፍራ አቅራቢያ አንዲት ሽመላ ተመትታ ወደቀች። ሲያዩዋት አንገቷ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእንጨት ጦር ተሰክቷል፤ እንጨቱም ሥራውም የመካከለኛው አፍሪካ ነበር። ወፏ ይህን ጦር አንገቷ ላይ ተሸክማ በረሃ አቋርጣ፣ ባሕር ዞራ፣ ጀርመን ገብታለች። ዛሬም ደርቃ ከነጦሯ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትገኛለች። የወረወረው ሰው ያን ማታ ራቱ አምልጦት ተቆጥቶ ተኝቶ ይሆናል፤ ለሳይንስ የዋለውን ውለታ ግን ሳያውቀው ሞተ። በኋላም እንደዚህች ያሉ፣ የአፍሪካ ጦር ወይም ቀስት የተሸከሙ ከሃያ በላይ ሽመላዎች አውሮፓ ውስጥ ተመዝግበዋል።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ጦሩን ትተው ቀለበት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1901 በባልቲክ ባሕር ዳር ሮሲተን በተባለ መንደር የወፎች ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ ቦታው ዛሬ የሩሲያ ግዛት ነው። የጣቢያው ሰዎች በሽመላ ጫጩት እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያስራሉ፤ ቀለበቱም ከደቡብ አፍሪካ በፖስታ ይመለስላቸዋል።

ከዚያ ጣቢያ ሥራዎች ሁሉ እኔ የምወደው ኤርንስት ሹትስ እ.ኤ.አ. በ1933 ያደረገውን ሙከራ ነው። ከምሥራቅ የመጡ ጫጩቶችን ወደ ምዕራብ ጀርመን ወስዶ አሳደጋቸው። የአካባቢው ሽመላዎች ተጠራርገው እስኪሄዱ ጠብቆ ለቀቃቸው። መንገድ የሚያሳያቸው አንድም ትልቅ ሽመላ የለም። ምዕራቦቹ በደቡብ ምዕራብ ወደ ስፔን ሲሄዱ፣ እነዚህ ግን የወላጆቻቸውን አቅጣጫ ይዘው ወደ ደቡብ ምሥራቅ በረሩ። አቅጣጫው በደማቸው ውስጥ ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ የምሥራቅ ጫጩቶች ከምዕራቦቹ ጋር አብረው ሲለቀቁ የአገሬውን መንጋ ተከትለው ሄዱ። ደሙ አለ፤ ነገር ግን ባልንጀራ ሲያገኝ ይሸነፋል። ወላጆች ይህን ሳትሰሙ አትቀሩም።

ዛሬ ጀርባቸው ላይ በሳተላይት የሚከታተሉት መሣሪያ ይታሰራል። የዕውቀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ሽመላዎቹ በመሣሪያው ምክንያት የገቡበት ጣጣ ግን መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ግብፅ ቀና በተባለው አውራጃ አንድ ዓሣ አጥማጅ መሣሪያ የታሰረበት ሽመላ አይቶ ይዞ ለፖሊስ አስረከበው። ወፉ በስለላ ተጠርጥሮ ታሰረ። የወፍ ተመራማሪዎች መሣሪያ መሆኑ ሲረጋገጥ በነፃ ተለቀቀ። ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አስዋን አካባቢ ሰዎች ይዘው በሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ካይቴክ የተባለ የፖላንድ ሽመላ ሱዳን ውስጥ ምልክቱ ጠፋ። አንድ ሰው ከመሣሪያው ውስጥ ሲም ካርዱን አውጥቶ ስልኩ ውስጥ ከትቶ ኖሮ 20 ሰዓት ያህል ሲያወራበት ከረመ፤ ወፉን ለሚከታተለው የፖላንድ ድርጅት ከ10,000 ዝሎቲ በላይ ሒሳብ መጣበት።

ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል። ገበሬ ሽመላን የሚወደው ተምችና አንበጣ ስለምትበላ ነው፤ በደቡብ አፍሪካም የአንበጣ ወፍ ይሏታል። ተምች የወረደበት ሜዳ ላይ ሽመላ መንጋ ሆና ትሰፍራለች። ነገር ግን ሽመላ ተምችን ታስቆማለች ብዬ አልዋሻችሁም። ወረርሽኝ ሲነሣ የትሉ ብዛት ወፍ ሁሉ ቢሰበሰብ የሚጨርሰው አይደለም። ታግዛለች እንጂ አታድንም። የእኛ ጥንቃቄ ግን ከዚህ ይጀምራል፤ መድኃኒት የተረጨበትን ትል የምትበላው እርሷ ናት። ርጭት ያለበት ማሳ ላይ ከብት እንዳይገባ እንደምንጠብቀው ሁሉ የርጭቱን ዓይነትና መጠን መጠበቅ ለወፏም ይጠቅማታል።

ከመርዙም በላይ የሚገድላት ሽቦ ነው። ሽመላ ማታ ከፍ ያለ ነገር ላይ ማረፍ ትወዳለች፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ደግሞ ሜዳ ላይ የበቀለ ዛፍ ይመስላታል። ክንፏ ሰፊ በመሆኑ ሁለት ሽቦ በአንዴ ይነካል። በፖርት ሱዳን አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚረዝም መስመር ለስድሳ ዓመት ያህል የግብፅ ጥንብ አንሣዎችን ሲፈጅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎቱ ተቋርጦ መከለያ ባለው መስመር ተተካ። ጥንብ አንሣዎቹ ወደ አፋርም የሚመጡ ናቸው፤ ነገሩ የሩቅ አይደለም። በየገጠሩ መብራት እየገባ ባለበት በዚህ ጊዜ ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ሽቦውን መከለል እጅግ ርካሽ ነው፤ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ግን ማን ይደፍራል? ግብፆች በቀይ ባሕር ዳር ጀበል ኤልዘይት ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተክለው የሽመላ መንጋ ሲመጣ ማሽኖቹን ለጊዜው ያቆማሉ። ይቻላል ማለት ነው።

ስለ ጨፋ ራሱ የምለው ደግሞ ይህን ነው። ረግረጉ ከቀድሞው እየጠበበ፣ ብዙው ወደ እርሻ እየተለወጠ መሄዱን ሁላችሁም ታያላችሁ። ሽመላን ብሎ ጨፋን የጠበቀ ሰው የለም። ሜዳውን ሜዳ አድርገው ያቆዩት ከብት አርቢዎች ናቸው፤ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ አርቢ ከብቱን ይዞ እዚያው ነው የሚከርመው። ሽመላ ረጅም ሣር ውስጥ ትሉንም እንቁራሪቱንም ማየት አትችልም፤ የምትፈልገው ከብት የጋጠውን አጭር ሣር ነው። እኔ የእርሻ ሰው ሆኜ ይህን መናገሬ ለአንዳንድ ባልደረቦቼ አይጥማቸውም፤ ግን የጨፋ ግጦሽ ሲታረስ የሚጎዳው አርቢው ብቻ አይደለም። ሽመላዋ ዛሬ የምታድርበትን ስታጣ ሳይመሽ የምትደርስበት ሌላ ሜዳ ላይኖር ይችላል፤ በልግ ያቆማት ዕለት ደግሞ ጭራሽ አትደርስም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንዲት ተማሪ «ሽመላ ዕድሜ ልኳን የአንድ ባል ብቻ ናት ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ብዙ ዓመት አብረው የሚኖሩ ጥንዶች አሉ። ነገር ግን ታማኝነታቸው ይበልጡን ለጎጆው ነው። ወንዱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደርስና ያምናውን ጎጆ ያድሳል፤ ሴቷም ወደዚያው ጎጆ ትመለሳለች፤ እዚያም ስለሚገናኙ አብረው ይኖራሉ። እኔ ጉዳዩን የቤት ችግር ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ቀለበት ያለው ሽመላ ብናይ ምን እናድርግ?» የሚል ነበር። አሁን እግሩን አስታውሱት። ኩሱ በቀለበቱ ዙሪያ እየደረቀ እግሩን ስለሚጎዳ፣ ዛሬ ቀለበቱ የሚታሰረው ከፍ ብሎ፣ ጉልበት ከሚመስለው መገጣጠሚያ በላይ ነው። እዚያ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀረጸበት የፕላስቲክ ቀለበት ፈልጉ። እኔ በዚያ ጠዋት ካነሣኋቸው ፎቶግራፎች በአንዱ ላይ ጥቁር ቀለበት ይታያል፤ ጭቃ ሸፍኖታልና አይነበብም። እናንተ ብትታደሉና ቢነበብላችሁ ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ የቀለበቱን ቀለም፣ ያያችሁበትን ቦታና ቀን ጻፉ፤ ስልክ ካላችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለተመሠረተው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አድርሱ። ወፏን አባርራችሁ አታስነሧት፣ ለመያዝም አትሞክሩ፤ ጀርባዋ ላይ መሣሪያ ብታዩ ደግሞ ሰላይ አይደለችም፣ ሲም ካርዱንም ተዉላት።